ውሃ የማይጠጣው ባቄላ

ማስረሻን ዩኒቨርሲቲው ዶክተር ሳይለው መርካቶ ብላዋለች። እናቱ ጤናዬ በርበሬ ተራ ከሱቋ ደጅ ተቀምጣ ላገኘችው ደንበኛ ሁሉ «ልጄ ዶክተር ነው» ስትል ሰባት ዓመቷ ነው። የምን ዶክተር እንደሆነ የሚጠይቃት ካለ «የባቄላ» ትላለች፤ ያኔ ሰውየው በርበሬውን ወደ መምረጥ ይመለሳል። ከጎኗ የሚነግደው ደመቀ ደግሞ አንድ ቀን ፊት ለፊት ነገረው። «ማስሬ፣ ሰባት ዓመት ባቄላ የነገደ ሰው እኮ ፎቅ ይሠራል። አንተ ሰባት ዓመት ሙሉ እያየኸው ብቻ ተቀመጥክ።»

ማስረሻ የሚያጠናው ተክል ውሃ ሲጠማው እንዴት አድርጎ ነፍሱን እንደሚያቆይ ነው። በትምህርቱ ቋንቋ የዕፅዋት ፊዚዮሎጂ ይባላል፤ በተክለ ሃይማኖት ሰፈር ቋንቋ ግን «ባቄላ ማሠቃየት» ነው። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፣ ከእናቱ ጋር በቀበሌ ቤት ይኖራል። ያ ዓመት የመጨረሻው ነበር። ዩኒቨርሲቲው የማራዘሚያ ደብዳቤ መጻፍ ሰልችቶታል፤ በሰኔ ካልጨረሰ የኪስ ገንዘቡም ትቆማለች።

የዩኒቨርሲቲው ግሪን ሃውስ ጥገና ላይ ስለነበር ሙከራውን እሚኖርበት ግቢ አመጣው። ከምናለሽ ተራ አርባ ስምንት ያገለገሉ የዘይት ጀሪካኖች ገዝቶ አንገታቸውን ቆረጠ፣ አፈር ሞላባቸው፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ከላያቸው ላስቲክ ወጠረ፣ አራት ዓይነት የባቄላ ዘር ዘራባቸው። ሲበቅሉ ሃያ አራቱን ጀሪካን ሰማያዊ ቀባ፤ እነዚህ ይጠጣሉ። ሃያ አራቱን ቀይ ቀባ፤ እነዚህ ከእንግዲህ ጠብታ አይቀምሱም። ጀሪካኖቹን በዕጣ ማደበላለቅ ነበረበት፤ መጽሐፉ የሚለው ይህንኑ ነው። እሱ ግን ለመለካት እንዲመቸው በየቀለማቸውና በየዘራቸው ደረደራቸው። ስንፍና ዲግሪ አይፈራም።

በሦስተኛው ሳምንት ተአምር ታየ። ከቀዮቹ ሦስቱ ዘር ቅጠላቸው ኩምትር ብሎ ሲንጠለጠል፣ አራተኛው ዘር፣ ስድስቱም ጀሪካን፣ እንዳማረበት ቀረ። ማስረሻ ቅጠሉን ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ፎቶ አንስቶ ለአማካሪው ለዶክተር ኃይለልዑል ላከ። ሰው አመስግነው የማያውቁት ዶክተር «ጥሩ» ብለው መለሱ። በማግስቱ ደግሞ ደውለው «ከሁለት ሳምንት በኋላ ረቡዕ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ» አሉ። ማስረሻ እናቱን «እማዬ፣ ለሰኔ ልብስ አሰፊ» አላት። እሷም ለበርበሬ ተራ አወጀች።

ከዚያ የሰፈሩ ውሃ ጠፋ። በሳምንት ሁለት ቀን በፈረቃ ትመጣ የነበረችው ቧንቧ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ደረቀች። ማስረሻ ለሰማያዊዎቹ በበርሜል ያጠራቀመው ነበረውና አልደነገጠም። በዋዜማው ማክሰኞ ጠዋት ግን ሲወጣ ስድስቱ ጀግኖች አንገታቸውን ደፍተው አገኛቸው። ሳምንታት ሙሉ ውሃ ያልጠጡ ባቄላዎች የቧንቧ ውሃ ሲጠፋ ምን አግብቷቸው ይጠወልጋሉ? ይህን ለመመለስ ሰባት ዓመት መማር አያስፈልግም። ስድስቱ ጀሪካኖች የተደረደሩት በእትዬ ዙህራ በር ላይ ነበር።

እትዬ ዙህራ ከወሎ መጥተው በዚያው ግቢ አርባ ዓመት የኖሩ ጎረቤት ናቸው። ሳይጠየቁ በራቸውን ከፍተው ወጡ፤ አንገታቸውን ደፍተዋል።

«ይቅር በለኝ ልጄ። ውሃው ጠፍቶብኝ ነው እንጂ በየቀኑ ነበር የማጠጣቸው» አሉ። «ለሶላት ስታጠብ ከውዱእ የተረፈችኝን።»

«እትዬ፣ እነዚህ እኮ እንዲጠሙ ነው የተተከሉት።»

«አውቃለሁ። ቀይ ስትቀባቸው ገባኝ። የቀበሌ ሰዎች የእህቴን ቤት ግድግዳ ቀይ ቀብተውት በወሩ ነው የፈረሰው። አንተ ጨካኝ ሆነህ እንዳልሆነ አላጣሁትም፤ ታዘህ ነው።» ወደ ሌሎቹ ቀዮች ተመለከቱ። «ለሁሉም አልደረሰልኝም። ስድስቱን ብቻ ነው የቻልኩት። የሌሎቹ አንጀቴን ይበላኛል።»

እትዬ ዙህራ ከሻርፓቸው ሥር ከሱቅ የገዙትን ባለ ሁለት ሊትር የታሸገ ውሃ አወጡ። «እንካ፣ ሳይሞቱ አጠጣቸው» አሉት።

ጠርሙሱን ይዞ ቆመ። ሌላው ባያውቅ እሱ ያውቃል፤ የጠወለገ ባቄላ ዛሬ ከጠጣ ነገ ጠዋት ቀጥ ብሎ ይቆማል። ዶክተሩ ያዩታል፣ በሰኔ ጋውን ይለበሳል፣ እናቱ በደመቀ ፊት ደረቷን ትነፋለች። ከዚያ ደግሞ አንድ የዋህ ገበሬ ያንን ዘር ዝናብ በሌለበት መሬት ላይ ይበትነዋል። ማስረሻ አሰበ፣ አሰበ፣ እጁም ወደ ክዳኑ ሄዶ ነበር።

«ለውዱእ ይያዙት እትዬ» ብሎ መለሰላቸው።

ረቡዕ ዶክተር ኃይለልዑል መጡ። እትዬ ዙህራ እንግዳ ሲያዩ ወደ ቤታቸው ገቡ። ማስረሻ የተደፉትን ስድስቱን አሳይቶ ሁሉንም ነገራቸው።

«በዕጣ አላደበላለቅካቸውም?» አሉ ዶክተሩ።

«አላደበላለቅኋቸውም።»

«እንግዲያው ዓመቱን ቀብረኸዋል። አንድ ዓመት እንዲጨምሩልህ እለምናለሁ፤ ገንዘብ ግን አትጠብቅ።» ሻይ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ።

ጤናዬ ከጓዳ ሆና ሰምታለች። «ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ» ብላ ወደ በርበሬዋ ወጣች። ያን ቀን ግን ለማንም «ልጄ ዶክተር ነው» አላለችም። ማስረሻን ከሁሉ ያመመው ይህ ነው።

እትዬ ዙህራ ቀስ ብለው ብቅ አሉ። «ሰውየው ተቆጡህ እንዴ? በእኔ ምክንያት ነው?»

ለዶክተሩ አንዲት ቃል ሳያጎድል የተናገረ ሰው፣ ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ አልሆነለትም። ቀጠፈ።

«ኧረ የለም እትዬ። እንዲያውም ስድስቱን ስላተረፉልን አመስግንልኝ ነው ያሉት።»

የእትዬ ዙህራ ፊት በራ። «ደግመህ ትዘራለህ?»

«ከመስቀል በኋላ።»

«እንግዲያው አታስብ። ልጄ ኢምራን ትልቅ የውሃ ሮቶ ሊገዛልኝ ነው» አሉ። «በሚመጣው ኢንሻ አላህ ሃያ አራቱንም ነው የማጠጣልህ። አንድ አይሞትብህም።»