የአባቴ ሰባት ጫማ

አባቴ ሰዓት አያስሩም። እኔ ሁለት ገዝቼላቸዋለሁ። አንዱ ሳጥን ውስጥ ቆሟል፤ ሌላውን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ሰጥተውታል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘጠኝ ሰዓት መሙላቱን የሚያውቁት ሞላሌ ካለው ቤታችን ደጅ ወጥተው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ የራሳቸውን ጥላ በእግራቸው እየሰፈሩ ነው። ለፀሐይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ፤ የጥላቸው ራስ ያረፈበትን ጠጠር በዓይናቸው ይይዛሉ፤ ከዚያ ተረከዝን ከአውራ ጣት እያገጠሙ እስከ ጠጠሩ ይቆጥራሉ። ቁጥሩ ካልሞላ ይመለሳሉ፤ ይቀመጣሉ፤ እንደገና ይወጣሉ። ደመና ከመጣ ደመናው እስኪገለጥ ይጠበቃል። ምሳው ይቀዘቅዛል፤ እኔ እግላለሁ።

ጤነኛ ቢሆኑ እንደፈለጉ ይስፈሩ ባልኩ ነበር። ግን ስኳር አለባቸው። ባለፈው ዓመት በዚሁ ጾም ደጃፉ ላይ ተዝለፍልፈው ወድቀው አንሥቻቸዋለሁ። የጤና ጣቢያው ሐኪም ምግብ እንዳያዘገዩ ለምኗቸዋል፤ የንስሐ አባታቸው እንኳ በስድስት ሰዓት ይቅመሱ ብለው ፈቅደውላቸዋል። አባቴ ግን “ስድስት ሰዓት የሕፃን ነው” አሉ። በስንት ልመና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተስማማን። ዘጠኝ ሰዓት ማለት ጥላው ሲሞላ እንደሆነ ግን ያን ጊዜ አልነገሩኝም።

አባቴ የባሕረ ሐሳብ መምህር ነበሩ፤ በዓላትና አጽዋማት መቼ እንደሚውሉ የሚወጣበትን ስሌት ሲያስተምሩ አርጅተዋል። በእጃቸው የጻፉት የጥላ ሰንጠረዥ አላቸው፤ በየወሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጥላ ስንት ጫማ፣ ማለት ስንት የእግር ርዝመት፣ እንደሆነ የሚናገር። በዚህ ጾም እስከ መጋቢት ሃያ አምስት ስምንት ጫማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰባት። ምክንያቱም በእሳቸው ወረቀት መዓልትና ሌሊት የሚተካከሉት መጋቢት ሃያ አምስት ነው። እኔ ደግሞ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፤ በእኔ መጽሐፍ የሚተካከሉት መጋቢት አሥራ ሁለት ግድም ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። በእኛ ቤት ወረቀቱ ሁለት ነበር፤ ሞኙ ማን እንደሆነ ገና አልለየም።

ዘንድሮ ምሳቸው አሥር ሰዓትን ማለፍ ሲጀምር ጥፋቱን ያገኘሁት መሰለኝ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቁጭ ብዬ እንደ ተማሪ አስረዳኋቸው። የእኛ መቁጠሪያ በየአራት ዓመቱ ጳጉሜን ስድስት አድርጎ አንድ ቀን ይጨምራል፤ የፀሐይ ዓመት ግን ከዚያ በጥቂት ደቂቃ ያንሳል። ያች ጥቂት ደቂቃ ስትጠራቀም ፀሐይ ቀድማ ሄዳለች፤ በድሮ ሊቃውንት ዘመን መጋቢት ሃያ አምስት ይውል የነበረው መተካከል ዛሬ ሁለት ሳምንት ያህል ቀድሞ ይመጣል። ስለዚህ ሰባት ጫማ በሚበቃበት ቀን እርስዎ ስምንት ይጠብቃሉ፤ ምሳዎ የሚዘገየው ለዚህ ነው አልኳቸው።

ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

“ፀሐይ ከቸኮለች ትቸኩል፤ እኔን ምን ቸገረኝ?”

“ሲወድቁ የማነሣዎት እኔ ነኛ፣ አባባ።”

“ሃያ አምስት ይድረስ። ያን ጊዜ ሰባት ይሆናል፤ አንቺም ታርፊያለሽ።”

ሃያ አምስትን እሳቸው ፋሲካን ከሚጠብቁት በላይ ጠበቅኩት። ደረሰ። ከጠዋት ፈረቃ ተመልሼ ምሳውን አቅርቤ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። ወጡ፤ ሰፈሩ፤ “አምስት ተኩል ነው” ብለው ተመለሱ። ሲገቡ የበሩን መቃን ይዘው ነው። የሁለት ሳምንቱ ሰበብ ገደል ገባ፤ ንዴቴ ብቻ ቀረ። ስልኬን አፍንጫቸው ሥር ይዤ “ሰዓቱ ይኸው” ብላቸው፣ “ስልክሽ ይጾማል?” አሉኝ።

እንደገና ሲወጡ ተከትያቸው ወጣሁ። ስሕተት ፍለጋ ነው የወጣሁት፤ እርምጃ ያሰፋሉ፣ ቁጥር ይዘላሉ ብዬ። አንዲት ጣት ያህል አልሳቱም። ከዚያ መሬቱ ላይ ጎን ለጎን የወደቁትን ጥላዎቻችንን አየሁ። አባቴ በልጅነቴ በር ሲገቡ ጎንበስ የሚሉ ሰው ነበሩ፤ አሁን የጥላቸው ራስ የእኔን ጥላ ትከሻ አያልፍም። ጀርባቸው ጎብጦ ቁመታቸው አጥሯል፤ እግራቸው ግን ያው የድሮው እግር ነው። አጭር ጥላ በረጅም እግር ሲሰፈር ሰባት ጫማ በጊዜው አይሞላም። እኔ መቁጠሪያውን ስከስ፣ ጳጉሜንን ስከስ፣ ፀሐይን ስከስ ከርሜአለሁ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አጠገቤ በየዓመቱ እያጠሩ የሄዱትን ሰው አላየሁም።

በራሴ ተናደድኩ፤ ንዴቱ ግን የወጣው በእሳቸው ላይ ነው።

“አባባ፣ ጎብጠዋል እኮ። ጥላዎ አጥሯል። ሰንጠረዡ የተጻፈው ቀጥ ብሎ ለሚቆም ሰው ነው።”

ጥላቸውን ቁልቁል አዩት። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ቀና ለማለት ሞከሩ። ጥላው ትንሽ ተሳበ፤ ጥቂት ቆየ፤ ተመልሶ አጠረ። ደግመው ሞከሩ።

“ጫማሽን አውልቂ” አሉኝ በመጨረሻ።

አውልቄ ቆምኩ። የጥላዬን ጠጠር እሳቸው በዓይናቸው ያዙልኝ፤ እኔ በራሴ እግር ሰፈርኩ። ሰባት ሞልቶ ግማሽ ተርፏል።

“አልፏል” አሉ። “ለመሆኑ ከጎበጥኩ ስንት ዓመት ሆኖኛል?” ብለው ጠየቁኝ። ቀድመውኝ እንዲገቡ ክንዳቸውን ይዤ ምሳው ተበላሸ አልኳቸው።

ከዚያ ወዲህ የጾም ቀን ዘጠኝ ሰዓት ሲጠጋ ደጅ በባዶ እግሬ የምቆመው እኔ ነኝ። አሁንም ሰዓት አያስሩም፤ አሁንም ደመና ይጠበቃል። እሳቸው ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ያርሙኛል፤ አንገትሽን፣ ወገብሽን፣ ትከሻሽን እያሉ። ከጠዋት ጀምሮ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ትናንት ደክሞኝ ትንሽ ዘንበል ብል ተቆጡ።

“ቀጥ በይ እንጂ። አንቺም ከጎበጥሽ ማን ሊቆምልኝ ነው?”