በጀፎረ ላይ የተጣመመው መስመር

ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ምስጋናዬን ለባለቤቶቹ ለማድረስ ነው። ወልቂጤ ላይ ለመምህርነት ስወዳደር የሞላሁት ፎርም የትምህርት ደረጃዬን፣ ያሳተምኩትን ጽሑፍና የሠራሁትን ማሽን ጠይቆኛል፤ ማሽኑን እዚያ ያደረሰው ማን እንደሆነ ግን አልጠየቀኝም። ባይጠየቅም ተጽፎ መቀመጥ ያለበት ነገር ስለሆነ፣ ሳይደበዝዝብኝ ከመነሻው እጀምራለሁ።

የተወዳደርኩበት መደብ በሮቦቲክስና ራሳቸውን በሚመሩ ማሽኖች ምህንድስና የሌክቸረርነት ቦታ ነበር። በዚህ ሙያ እንዲህ ያለ ቦታ በአካባቢያችን ሲከፈት ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አብረውኝ ሁለተኛ ዲግሪ ከያዙት ጓደኞቼ አብዛኞቹ አዲስ አበባ በሶፍትዌር ሥራ ላይ ናቸው፤ እኔ ቡታጅራ በኮንትራት ኤሌክትሪክ አስተምራለሁ። ኮንትራቱ ጥር ላይ ያልቃል። ይህ ቦታ ካመለጠኝ ማስተማሩን ትቼ እነርሱን ከመከተል በቀር ሌላ መንገድ አልነበረኝም፤ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ተማሪ ፊት ከመቆም የበለጠ የተመኘሁት ነገር የለም።

የዩኒቨርሲቲው ቀጣሪ ኮሚቴ ሁለት ነገር ጠይቋል። አንደኛው ሐሙስ ጠዋት በሦስት መምህራን ፊት የሚሰጥ የሙከራ ትምህርት ነው። ሁለተኛው ማሽኑ ከቤት ውጭ፣ የማንም እጅ ሳይነካው፣ ቢያንስ ሁለት መቶ ሜትር ሲሄድ የሚያሳይ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ነው። ትምህርቱን አዘጋጅቻለሁ፤ ቪዲዮው ግን አልነበረኝም። ማሽኔ የበርጩማ ቁመት ያለው ባለ አራት ጎማ ነው። አናቱ ላይ የሚሽከረከር መሣሪያ በብርሃን ጨረር ግራና ቀኙን እየለካ፣ ከሁለቱም ዳር እኩል ርቆ መሀል መሀሉን እንዲሄድ ያደርገዋል። ቡታጅራ ጎዳና ላይ ባጃጁና የፈረስ ጋሪው ዳር የሚባል ነገር አይተዉለትም፤ የኳስ ሜዳው ደግሞ የሚለካው አጥር የለውም። ስለዚህ ማክሰኞ ተነሥቼ፣ ረቡዕን ወልቂጤ ላይ ቦታ ስፈልግ ለመዋል ወሰንኩ።

ማክሰኞ ጠዋት፣ ቡታጅራ

የመስቀል በዓል ካለፈ ሳምንት አልሞላውም ነበርና መናኸሪያው ወደየሥራቸው በሚመለሱ ሰዎች ተጨናንቋል። በአገና በኩል የሚያልፈው ሚኒባስ ረዳት ማሽኔን ከላይ እስከ ታች አየው።

«ወንድሜ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ራሱን የሚነዳ ማሽን ነው።»

«ራሱን የሚነዳ ከሆነማ ከኋላችን ይከተለን።»

ተሳፋሪው ሳቀ። ከፊት የተቀመጡ፣ የሚያውቁኝ የበርበሬ ነጋዴ ሴት ዞር ብለው፣ «አንተ ደግሞ፣ መምህሩን አታሹፍበት፤ ጫንለት» አሉት። ረዳቱ ጫነው፤ ነገር ግን መንጃ ፈቃድ ስለሌለው እንደ ተሳፋሪ ይከፍላል ብሎ የአንድ ሰው ሒሳብ ተቀበለኝ። አልተከራከርኩም። በገመድ ሲያስረው እንደ ራሱ ዕቃ ተጠንቅቆ ነው ያሰረው።

የመስቃን ማሳዎች በርበሬያቸው መቅላት ጀምሯል። መንገዱ ወደ ተራራው ሲወጣ በርበሬው ቀርቶ ገብስ፣ ከገብሱም በላይ ጉም መጣ። መስኮቱ ተዘጋ፤ ጋቢ ያለው ተከናነበ። ከከፍታው ወዲያ ስንወርድ መኪናው በጉድጓዶቹ ላይ እየዘለለ ሄደ። በየዝላዩ ጣራው ላይ የሚሰማው የብረት ድምፅ ለእኔ ብቻ የሚሰማ ይመስል ሌላው ሰው ሁሉ ተኝቷል።

ማክሰኞ ከሰዓት፣ አገና

አገና ላይ መኪና ለመቀየር ስወርድ የፈራሁት ደርሷል። የማሽኑ የቀኝ የፊት ጎማ የሚዞርበት ዘንግ፣ አክስሉ፣ ተጣሟል፤ ሁለት ብሎኖችም በመንገዱ ላይ ረግፈዋል። በድንጋጤዬ ጃንጥላዬን መኪናው ውስጥ ረሳሁት። ጋራዥ ብጠይቅ ወደ ጋሽ ብርጋ ላኩኝ። ጋሽ ብርጋ ከሠላሳ ዓመት በላይ አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ሠርተው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ ትውልድ ቀዬአቸው የተመለሱ መካኒክ ናቸው። ሰላምታዬን ከመመለሳቸው በፊት ጎማውን አዩ።

«ይሄ አንክሷል» አሉ። አክስሉን ፈትተው በሞርሳ አሰሩትና እያሽከረከሩ በዓይናቸው እየለኩ አቃኑት። ለወደቁት ብሎኖች ከአሮጌ ቆርቆሮ ውስጥ ልካቸውን ፈልገው አገኙ። ስንት ልክፈል ብዬ ብጠይቅ፣ «መጀመሪያ ሲሄድ ልየው፤ ሳይሄድ ሠራሁ አልልም» አሉኝ።

«የሚሄድበት ቦታ የለኝም፣ ጋሽ ብርጋ። ለመምህርነት ውድድር ቪዲዮ የማነሣበት፣ በሁለት ወገን አጥር ያለው ሰፊና ሜዳማ መንገድ ነው የሚያስፈልገኝ።»

ከሥራቸው ቀና አሉ። «ከየት ነው የመጣኸው?»

«ከቡታጅራ።»

«የጉራጌ ልጅ ሆነህ ይሄን ትጠይቃለህ? ጀፎረውስ?»

አፈርኩ። ጀፎረ ቤቶች በሁለት ወገን ተሰልፈው ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የመንደር ጎዳና ነው። ከብት ይሰማራበታል፤ ሠርግና ለቅሶ ይቆምበታል። የሁሉም በመሆኑ ማንም አያርሰውም፣ ማንም አጥሩን ወደ እርሱ አይገፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ የሙከራ ሜዳ የለንም እያልኩ ሳማርር፣ አያቶቻችን አስተካክለው የተዉልንን አላሰብኩትም።

በባጃጅ ወደ መንደራቸው ወሰዱኝ። ባለቤታቸው እትዬ አስናቀች ሙስሊም መሆኔን ከስሜ ሲረዱ፣ የበዓሉ ክትፎ ገና ባላለቀበት ቤት ለእኔ ቆጮ ከአይብና ከጎመን ጋር፣ ሥጋ ባልነካው ሳህን አቀረቡልኝ። «ኀይሩ፣ ሳትጠግብ እንዳትነሣ፤ ጎማ ብቻ አይደለም የሚያነክሰው» አሉኝ። ከዚያ ጀፎረውን የሚጠብቁት ሽማግሌ ሐጂ ሸምሱ ዘንድ ሄደን ፈቃድ ጠየቅን።

«ይቆፍራል?» አሉኝ ሐጂ።

«አይቆፍርም፣ ሐጂ።»

«ሰው ፊቱ ቢቆምስ?»

«ይቆማል።»

«ከብዙዎቻችን ይሻላል። ይሂድ።»

ዝናብ አባርቶ ሣሩ ረጥቦ ነበር። ማሽኑን ከጀፎረው ጫፍ አስነሣሁትና ስልኬን ይዤ ከኋላው ተከተልኩ። ቀጥ ብሎ ሄደ። እንዲህ ቀጥ ብሎ ሲሄድ አይቼው አላውቅም ነበር። ከመንገዱ አጋማሽ ሲደርስ ግን አንድ ክንድ ያህል ወደ ግራ ሸሸ፤ ጥቂት እንደዚያው ሄዶ ወደ መስመሩ ተመለሰ። ደገምኩት፤ እዚያው ቦታ ሸሸ። ሦስተኛም እንደዚያው። ጎማው በእርጥቡ ሣር ላይ የተወው መስመር ለሁሉም ይታያል፤ ከጋሽ ብርጋ አጥር መጀመሪያ ተጣምሞ፣ አጥሩ ሲያልቅ ይቃናል።

ምክንያቱን ወዲያው ተረዳሁ። ማሽኑ የሚሄደው በሁለቱ አጥሮች እኩሌታ ነው። አንድ ክንድ ከሸሸ፣ በቀኝ ያለው አጥር ሁለት ክንድ ወደ ጀፎረው ገብቷል ማለት ነው። በዓይን አይታይም ነበር፤ ማሽኑ ግን ለካው።

ሐጂ ሸምሱ መስመሩን በከዘራቸው ጠቆሙ። «መምህር፣ እዚህ ጋ ምን አገኘው?»

ጋሽ ብርጋ ከጎኔ ቆመዋል። አክስሌን ያቃኑት እጆቻቸው ገና ግራሶ አልለቀቃቸውም። «ሐጂ፣ መሣሪያው አንዳንዴ ይሳሳታል» አልኩ።

«ሦስቱንም ጊዜ እዚህ?»

ይሳሳታል ያልኩት ሰውየውን ላድን ብዬ ነው፤ ነገር ግን በገዛ አፌ፣ በጎረቤቱ ሁሉ ፊት፣ ማሽኔ አይታመንም ብያለሁ። በእጄ ያለው ቪዲዮም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው። ሐሙስ ለኮሚቴው የማሳየው ሌላ የለኝም።

ጋሽ ብርጋ ወደ አጥራቸው ሄደው አንዱን ቋሚ እንጨት በመዳፋቸው መቱት። «ማሽኑ አልተሳሳተም» አሉ። «አጥሩን ሳድስ አሮጌውን ላለመንቀል አዲሱን ከፊቱ ተከልኩ። አሮጌው ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ሆነ፤ አስናቀች እንሰት ተከለችበት። አውቄው ነው ዝም ያልኩት። ይሄ ልጅ በእኔ አጥር ምክንያት እንጀራው አይበላሽ።»

ከበሩ ላይ እትዬ አስናቀች፣ «ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ጎማ ሲያቃና ኖሮ የገዛ አጥሩን አጣመመ» አሉ። መጀመሪያ የሳቁት ጋሽ ብርጋ ራሳቸው ናቸው።

ሐጂ ሸምሱ አልሳቁም። «ብርጋ፣ ባትናገር ኖሮ ነገ ገመድ ይዘን ልንለካ እንመጣ ነበር። ስለተናገርክ ዶማ ይዘን ልናግዝ እንመጣለን» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ግን፣ መምህር፣ ያበላህን ሰው ማክበርህ ጥሩ ነው። ምስክርህን ግን ውሸታም አታድርገው።»

ረቡዕ ጠዋት

እነ ጋሽ ብርጋ ቤት አድሬ ነበር፤ ጎረቤቶቹ በማለዳ መጡ። ቋሚዎቹ ተነቅለው በአሮጌው አጥር ቦታ ተተከሉ። እትዬ አስናቀች ያሳደጓቸው አሥራ አንድ እንሰቶች ከነሥራቸው ወጥተው ወደ ጓሮ ተዛወሩ። እኔም አንዱን ተሸክሜ ነበር፤ ከማሽኔ ይከብዳል። ዝናቡ ሊያቆም ስለተቃረበ ሁሉም ላይይዙ እንደሚችሉ እያወቁ፣ እትዬ አስናቀች ሌሎቹ አጥር ሲያቆሙ ውኃ ተሸክመው ያመላልሱ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃቸው ብጀምር፣ «መኪናህ ያመልጥሃል፤ ሂድና ጨርስ» ብለው አቋረጡኝ።

ማሽኑን አስነሣሁት። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ እንደ ተወጠረ ክር፣ ሳይዛነፍ ሄደ። መጨረሻው ላይ ሐጂ ሸምሱ ፊቱ ቆሙበት፤ ቆመ። በከዘራቸው አናቱን ነካ አድርገው መንገዱን ለቀቁለት። ጋሽ ብርጋ፣ «አሁን ሠራሁ እላለሁ» አሉኝና ለአክስሉ አንድ ብር እንኳ ሳይቀበሉ ወደ መኪናው ሸኙኝ።

ሐሙስ፣ ወልቂጤ

ወልቂጤ ከአገና ቅዝቃዜ በኋላ ሞቃት ናት። በዋናው መንገድ ዳር በያዝኩት ክፍል ሌሊቱን በሙሉ የጭነት መኪና ድምፅ ነበር፤ ቢሆንም ደህና ተኛሁ።

ከእኔ ጋር የቀረቡት ሁለት ተወዳዳሪዎች ከእኔ የበለጠ ያሳተሙ ናቸው። ተራዬ ሲደርስ፣ ማሽን የመንገድን መሀል እንዴት እንደሚያገኝ አስተማርኩ፤ ከዚያ ሁለቱንም ቪዲዮዎች፣ የተጣመመውንም ቀጥ ያለውንም፣ አሳየሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ጥቂት የሚናገሩ ሴት ፕሮፌሰር፣ የመጀመሪያውን አስደገሙኝ።

«በሁለቱ መካከል ፕሮግራሙን ምን አስተካከልክበት?»

«ምንም አልነካሁትም። የተስተካከለው አጥሩ ነው።»

ታሪኩን የሰዎቹን ስም ሳልጠራ ነገርኳቸው፤ መሣሪያዬ በትክክል ለክቶ ሳለ ተሳስቷል ያልኩት እኔ እንደሆንኩም አልደበቅሁም። ሰብሳቢዋ ማስታወሻቸው ላይ አንድ ነገር ጻፉ። «የሙከራ ሜዳ ስለሌለን ይህን ኮርስ በሰሌዳ ብቻ ነው የምናስተምረው» አሉ።

«ሽማግሌዎቹ ከፈቀዱ ሜዳ አለን» አልኩ።

መመለስ

ዓርብ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። አገና ላይ ወርጄ እነ ጋሽ ብርጋን ሰላም አልኩ፤ እንሰቶቹ ቅጠላቸውን ጥለው ነበር፣ ስለ እነርሱም ማንም አላነሣም። አመሻሹ ላይ ቡታጅራ ስገባ እናቴ ከማሽኑ በፊት ጫማዬን አይታ የየት ጭቃ እንደሆነ ጠየቀችኝ። እየሳቅሁ ነገርኳት።

ወር ሳይሞላ ተደወለልኝ፤ ቦታው የእኔ ሆኗል። አልሐምዱሊላህ። መጀመሪያ የደወልኩት ለጋሽ ብርጋ ነው። «ተማሪዎቹን አምጣቸው፤ አጥሬን ይለኩ» አሉኝ።

ራሱን የሚመራ ማሽን ሠርቻለሁ ብዬ ከቤቴ ወጣሁ። ረዳቱ አሰረው፣ ጋሽ ብርጋ አቃኑት፣ ሐጂ ሸምሱ መንገድ ለቀቁለት። ጋሽ ብርጋን ያስገደዳቸው ሰው አልነበረም፤ ዝም ቢሉ እኔው ዋሽቼላቸው ነበር፣ እርሳቸው ግን ስለ እኔ በጎረቤቶቻቸው ፊት ጥፋታቸውን አወጡ። ለተማሪዎቼ በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው፣ መሣሪያ በዓይናችን የማናየውን ሲነግረን፣ ከማስተባበል በፊት ወጥተን እንድናይ ነው። እትዬ አስናቀችን በስልክ ስለ እንሰቶቹ ጠይቄአቸዋለሁ፤ አራቱ ይዘዋል።

በዚህ ጉዞ የጠፋው፦

አንድ ጃንጥላ።

ሁለት ብሎን።

ሰባት እንሰት።