ለአማች የተፈታው ሸራ

በሐይቁ ዳር የነበረው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ከተዘጋ ብዙ ዓመት ቢሆነውም፣ ሲደፋው የኖረው ዝቃጭ ከውሃው ሥር ተኝቶ ቀርቷል። ያንን መርዛማ እርሳስ ያዘለ ጥቁር ጭቃ እየመጠጠ የሚያወጣውን ማሽን ጀልባ ላይ ሆኖ የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ሰፈሩ ዝምተኛው ይለዋል። ሚስቱማ «ከሱ ጋር መጣላት ከግድግዳ ጋር መጣላት ነው» እያለች ታሾፍበታለች።

ጭቃው ሲነካካ እንዳይበተን፣ የሚጸዳው ቦታ ከውሃው ገጽ እስከ ሐይቁ ወለል በሚደርስ ወፍራም ሸራ ዙሪያውን ታጥሯል። ውሃው ሳይጠራ ሸራውን መፍታት ክልክል ነው። ከሸራው ወዲያ ያለው ንጹሕ ውሃ የአሣ አጥማጆቹ መተዳደሪያ ነዋ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሚስቱ ታላቅ ወንድም፣ ከሸራው ወዲህ ባለው ዳርቻ ከሚሠራ ጀልባ ጠጋኝ ዘንድ የሰነበተ ጀልባውን እየቀዘፈ መጣ።

«እስቲ ገለጥ አድርግልኝና ልለፍ። ነፋሱ ሳይነሳ መረቤን ልጣል።»

«ውሃው እስኪጠራ ትንሽ ይታገሱ፣ ጋሼ።»

«እኔ እህቴን ስድርልህ እንዲህ አላስጠበቅኩህም።»

ይሉኝታ ያዘው። ማሽኑን አጥፍቶ የሸራውን ጫፍ ፈታ። ጀልባው ሲያልፍ ጥቁር ውሃ ተከትሎት ወጣ። ዝምተኛው ተጣድፎ መልሶ ቢያስረውም ያመለጠው አመለጠ።

በማግስቱ ውሃውን የምትመረምረው ባለሙያ ከሸራው ውጪ እርሳስ አገኘች። ማጥመድ ተከለከለ። ሸራው ተቀዶ ይሆናል ተብሎም ጠላቂዎች ወረዱ። ዝምተኛው ወደ ቤቱ ሲመለስ አሣ አጥማጆቹን ሥራ ፈትተው ደጃፋቸው ተቀምጠው አገኛቸው። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ «አይዞህ ልጄ፣ እናንተ እያላችሁ ይጸዳል» ሲሉት፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠው በወደደ።

ማታ እራቱን ትቶ አማቹ ቤት ሄደ።

«ልነግራቸው ነው።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ከሥራህ ትባረራለህ፣ እኔንም ከሰው ታጣላኛለህ።»

«ሰዎቹ እኮ የሌለ ቀዳዳ ፍለጋ እዚያ መርዝ ውስጥ እየገቡ ነው፣ ጋሼ።»

ጠዋት ለጽዳት ሥራው ኃላፊ ሸራውን የፈታው እሱ መሆኑን ነገራት። እሷም በመጀመሪያ ጠላቂዎቹ እንዲወጡ አዘዘች። ከዚያ ዝምተኛውን ከማሽኑ አንስታ፣ የደረቀውን ጭቃ በከረጢት ከሚሞሉት ጋር መደበችው። ለማን ብሎ እንደፈታው ባይናገርም፣ ሰፈር ነውና ታወቀ። አማቹ እግሩን ከቤታቸው አነሳ፤ ሚስቱም በወንድሟና በባሏ መሃል ሆና ቀልዷ ጠፋ። አሣ አጥማጆቹ ሰላምታ ነሱት። እሱም አልፈረደባቸውም።

ውሃው ጠርቶ ማጥመድ ሲፈቀድ፣ እኚያ ሽማግሌ መንገድ ላይ አስቆሙት።

«እኔም ብሆን ለአማቼ እፈታለት ነበር» አሉት።

ሊያጽናኑት ነው። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ አመሰገናቸውና ወደ ከረጢቶቹ ሄደ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።