የጎባው አዳራሽ ጣሪያ

ጎባ ውስጥ በደርግ ዘመን የሩሲያ መሐንዲሶች የሠሩት አንድ የኤግዚቢሽን አዳራሽ አለ። የመንግሥት እርሻዎች ስንዴና ትራክተራቸውን የሚያሳዩበት ነበር። ክብ ነው፤ እንደተዘረጋ ጃንጥላ የተሸነሸነ ስስ የኮንክሪት ጣሪያ አለው፤ መሐሉ ላይ አንድም ምሰሶ የለም። እኔ ሮቤ ኮንስትራክሽን የማስተምር የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። አገሩን የለመድኩት በዚህ ቤት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በክረምቱ መግቢያ ተማሪዎቼን ላሳያቸው ስወስድ ጣሪያው ተሰንጥቆ አገኘሁት። ልስኑ ረግፏል፤ የዛገው ፌሮ አግጥጧል። ከሥሩ ነጋዴዎች ለባዛር ጠረጴዛ ይደረድራሉ። በቀጥታ ወደ አዳራሹ ኃላፊ ሄድኩ።

«ስንት ክረምት ያሳለፈ ቤት ነው» አለኝ። «ይወድቃል ብለህ ትፈርማለህ?»

«አልፈርምም። አይወድቅም ብዬም አልፈርምም።»

«እንግዲያው ባዛሩ ይከፈታል።»

በመክፈቻው ቀን ጠዋት ደመናው ከሳነቲ ተራራ በኩል ወረደ። ሥራዬን ትቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ማን ይስማኝ? መጀመሪያ ያገኘኋቸው ሻሽና ሽርጥ የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ።

«እናቴ፣ እባክዎ ዕቃዎን ወደ ውጭ ያውጡት» አልኳቸው።

«ዝናቡስ፣ ልጄ?»

«ጣሪያው አስፈርቶኛል።»

ቀና ብለው አዩት። «እናትህ ብትሆን እዚህ ታስቀምጣት ነበር?»

«በጭራሽ።»

«ያ ረቢ!» ብለው ጨርቃቸውን መጠቅለል ጀመሩ። ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሏቸው። ወዲያው ዝናቡ ወረደ፤ ላስቲክ ያለው ሸፈነ፣ የሌለው ዕቃው ራሰ። አንድ ጫማ ነጋዴ ጮኸብኝ፦ «ገበያችንን ዘጋህብን! ታዲያ የታለ የወደቀው?»

ጣሪያው አልወደቀም። ባዶውን ሳለ ቢወድቅ እፎይ እንደምል ያኔ ገባኝ፤ ደግሞ ያንን ማሰቡ ራሱ አመመኝ።

ባዛሩ በዚያው ስለተበተነ ኃላፊው ባለሙያ መጥቶ እስኪያየው ብሎ አዳራሹን ቆለፈው። እስካሁን የመጣ የለም። አሮጊቷ ገበያ ላይ ባገኙኝ ቁጥር «ቆሟል?» ይሉኛል። «ቆሟል» ስላቸው «አልሀምዱሊላህ» ይላሉ፤ ፊታቸው ግን አይፈታም።

ትናንት ወደ ጎባ ስዘልቅ ዝናብ ነበር። ሚኒባስ የሚጠብቁ ሰዎች ከአዳራሹ ጥግ ተጠልለዋል። ከባጃጅ ወርጄ ከዚያ እንዲርቁ ለመንኳቸው። ግማሾቹ ራቁ፤ ግማሾቹ ወደ ሰማይ እያዩ ባሉበት ቆሙ። እኔም ዝናቡ እስኪያባራ ትቻቸው መሄድ አቃተኝ።