ድምፅ የተሰጠበት ድምፅ

በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ዛሬም ባስታወስኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ልጆቼ «አባዬ፣ እባክህ ያቺን ነገር ተዋት» ይሉኛል። አልተዋትም!

ከእስቴ ወደ ስማዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ ራዲዮ ጠጋኝ ነበርኩ። የከተማዋን ስም እንተወው፣ አሁንም እዚያ ዘመድ አለኝ። ቀበሌያችን አንድ ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ የሚቀመጠው እኔ ሱቅ ነው። የዚያን ዘመን ማጉያ የሚሠራው አምፖል በሚመስሉ፣ እየጋሉ በሚበሩ ጠርሙሶች ነው። እኛ ቫልቭ እንላቸዋለን። የኛው ቫልቭ ከንጉሡ ጊዜ ጀምሮ የቆየ ነበር። የአብዮት በዓል ሲቃረብ ሊቀመንበሩ አዲስ ቫልቭ አስመጣና «ያንን አሮጌ ቀይርልን» አለኝ።

ሁለት ቫልቮች ደህና ቢሠሩም ድምፃቸው አንድ አይሆንም። አንዱ የሰውን ድምፅ ከነወዙ ያወጣዋል፣ ሌላው ያሾለዋል። ታዲያ እኔው ማይክሮፎን ላይ እያወራሁ እኔው እንዴት ልፍረድ? ጎረቤቴን የኔታን ጠራኋቸው። የኔታ የደብሩ መሪጌታ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ዜማ ያስተማሩ፣ ትንሽ ስብራት የማያመልጣቸው ሰው።

«የኔታ፣ እስቲ ይስሙልኝና ይፍረዱ» አልኳቸው። ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ።

በቆየው ቫልቭ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» አልኩ። እሱን ነቅዬ አዲሱን ሰካሁ፣ እስኪግል ጠብቄ ያንኑ ደገምኩ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ ወደሳቸው ዞርኩ። አላጠፋሁትም። ገና ሥራ ላይ ነኝ፣ ለምን አጠፋዋለሁ?

«የቱ ይሻላል የኔታ? የፊተኛው ወይስ ያሁኑ?»

«የፊተኛው ነዋ!» አሉ፣ ማኅሌት በለመደው ድምፃቸው። «ይኼ ያሁኑ ጩኸት ብቻ ነው። ለዛ የለው፣ ምሕረት የለው!»

«እንግዲያው ልንቀለው?»

«ሳይውል ሳያድር ንቀለው! የፊተኛውን መልስ!»

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። የማጉያው ትሩምባ የተሰቀለው ደግሞ ገበያው ራስጌ ባለ ባሕር ዛፍ ላይ ነው። ያወራነውን ሁሉ ገበያተኛው ሰምቶታል። ከእህል ተራ አንዲት ሴት እልልታዋን አቀለጠችው። እኔ ሞኙ «ዛሬ ሠርግ አለ እንዴ?» አልኩ።

ብዙም ሳይቆይ አብዮት ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው መጡና ሁለታችንንም ወሰዱን።

አገሩ የቅኔ አገር ነው። «ውሃ ስጡኝ» ብትል እንኳ ወርቁን የሚፈልግልህ አታጣም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ስለ ጠርሙሱ ነው ያወራነው!» ብል ማን ሊሰማኝ! በማርያም ማልኩ፣ በልጆቼ ማልኩ። የምፈራው ለየኔታ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፣ ደረታቸውን ያማቸዋል። ወደ አውራጃ ከተላኩ በሕይወት እንደማይመለሱ ይታየኛል።

በመጨረሻ «ማጉያው ይምጣና እናንተው ሰምታችሁ ፍረዱ» አልኩ። ሊቀመንበሩ እሺ አለ። በማግሥቱ ጠዋት ኮሚቴው አዳራሽ ተሰበሰበ። በቆየው አንድ ሁለት አልኩ፣ ባዲሱም አንድ ሁለት አልኩ። አዲሱ እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል። ኧረ ደንቆሮ እንኳ ይለየዋል!

«የፊተኛው ይሻላል የምትሉ እጅ አውጡ» አለ ሊቀመንበሩ።

አንድ እጅ አልወጣም። ከመካከላቸው እኮ ማሲንቆ መቺ አለ! በድምፅ እንጀራውን የሚበላ ሰው!

«አዲሱ የምትሉስ?» ሁሉም እጃቸውን አወጡ። «አዲሱ በሙሉ ድምፅ ተመርጧል» ተባለ። ወይ ጉድ! የድምፅ ነገር በጆሮ ነው እንጂ በእጅ ይፈረዳል?

ሊቀመንበሩ ወደ የኔታ ዞረ። «መሪጌታ፣ እርስዎም አዲሱ ይሻላል ይበሉና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

በሆዴ «ይበሉ፣ እባክዎ ይበሉ» እላለሁ። የኔታ ጋቢያቸውን አስተካክለው ቫልቩን ትኩር ብለው አዩት።

«እሱማ ይሻለዋል» አሉ።

«ጎሽ!» አለ ሊቀመንበሩ። እሱ የሰማው «ይሻላል» የሚለውን ነው። እኔ ግን የሰማሁት ለታመመ ሰው የሚባለውን ነው። የኔታ ቀስ እያሉ ወጥተው ቤታቸው ገቡ።

እኔስ? እኔማ «በመንግሥት ንብረት ላይ ጥንቃቄ ጎድሎሃል» ተብዬ ታሰርኩ! ስለ ጠርሙስ ያወራሁት እኔ ታሰርኩ!

የኔታ ስንቅ ይዘው ሊጠይቁኝ መጡ። ጠባቂው ራቅ ሲል ጠጋ ብዬ «የኔታ፣ ያን ለት ስለ ጠርሙሱ ነበር አይደል የፈረዱት?» አልኳቸው።

«የምን ጠርሙስ?» አሉኝ፣ ሳቃቸውን አፍነው።

በማርያም ምዬላቸው እኮ ነው! ያን ቀን ያመጡልኝን በሶ እንኳ በንዴት ሳልቀምሰው አደርኩ። ዛሬ ግን የኔታ ላይ ቂም የለኝም። በየትኛውም ትርጉም ቢሆን የሰሙትን ነው የተናገሩት፤ ነፍሳቸውን ይማር።

የሚያንገበግቡኝ እጃቸውን ያወጡት ናቸው። ዛሬ አርጅተዋል፣ ለለቅሶ አገር ቤት ስሄድ ያገኙኛል። ትከሻዬን መታ እያደረጉ «ያን ጊዜ እኮ ልክ ነበራችሁ» ይሉኛል። «ስለ የቱ?» እላቸዋለሁ። ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፣ አሁንም መልስ ከመስጠታቸው በፊት ግራ ቀኙን ያያሉ።