ሹር ከሆልቪክ ወጥቶ የት ደረሰ

ጉድቬይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በኖርዌይ፣ ሆልቪክ ፊዮርድ በሚባለው ጠባብ የባሕር ወሽመጥ ዳር ፖስታ ስታድል ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ጡረታ ወጣች። የየትኛው ቤት ውሻ እንደሚናከስ፣ የትኛዋ አሮጊት መነጽሬ ጠፋብኝ እያለች ደብዳቤዋን እንደምታስነብባት፣ የትኛው ሰውዬ የልጁ ካርድ ካልመጣ ለገና ደጁን እንደማይከፍት አሳምራ ታውቃለች። የሰውን ቤት ሁሉ እንዲህ ስታውቅ፣ በገዛ ቤተሰቧ ግን ስሙ የማይነሣ አንድ ሰው ነበር፤ የእናቷ አያት ሹር ኒልሰን።

ሹር በ1893 ሚያዝያ ላይ ከበርገን መርከብ ተሳፍሮ አሜሪካ ሄደ። ሚስቱን ጉሪንና የስምንት ወር ልጁን ሲኔቫን ትቶ ሲወጣ፣ የሚቀጥለው ዓመት ድርቆሽ ሳይታጨድ የመርከብ ቲኬት እልክላችኋለሁ ብሎ ነበር። ቲኬትም አልመጣ፣ አንዲት መስመር ጽሑፍም አልመጣ። ጉሪ ሁለት ዓመት ጠበቀች። በሦስተኛው ዓመት፣ በሠርጋቸው ጊዜ ሣጥናቸው ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን ስሙን በቢላ ፋቀችው። መንደሩም የመሰለውን አወራ፤ ሌላ ሴት አግብቷል፣ ከብሯል፣ ረስቷቸዋል ተባለ። ሲኔቫ ትምህርት ቤት ስትገባ ልጆቹ «አባትሽ ሰላም ብሎሻል» እያሉ ይስቁባት ነበር። አድጋ፣ አግብታ፣ የልጅ ልጅ ካየች በኋላ እንኳ በእሷ ቤት አሜሪካ የሚባል ነገር አይወራም።

ጉድቬይም ነገሩን እንደ ሌላው ሁሉ ትታው ኖራለች። አንድ የጥር ቀን ግን የአረጋውያን መኖሪያ ሄዳ የዘጠና ሦስት ዓመት እናቷን የቦርጊልን ጥፍር ስትቆርጥ፣ ቦርጊል ስለ እናቷ ስለ ሲኔቫ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ተናገረች።

«እናቴ ስትሞት አባቷን ጠራችው።»

ጉድቬይ መቁረጫውን አስቀመጠች። «ምን ብላ?»

«‹አባባ መጣ ወይ?› አለችኛ። ሰባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር እኮ።»

«እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም፣ እማዬ?»

«ምን ልልሽ? አልመጣም። በይ ጣቴን እንዳትቆርጪው፣ ቀስ በይ።»

ያን ሳምንት ጉድቬይ ወንድሟ ስታይናር ዘንድ ሄደች። ስታይናር የአባታቸውን እርሻ ይዞ በግ ያረባል። ሹርን ልፈልገው ነው ስትለው የቡናውን ኩባያ እንደያዘ በመስኮት ወደ በጎቹ እያየ ጠየቃት።

«ሚስት አግብቶ ዐሥር ልጅ ወልዶ ብታገኚውስ?»

«ዐሥሩንም ለገና እጠራቸዋለሁ።»

«እኔ ቤት እንዳታሳድሪያቸው እንጂ።»

በሆልቪክ ቤተ መጻሕፍት ሐሙስ ሐሙስ የዘር ሐረጋቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ይሰበሰባሉ። ከእነሱ መካከል የድሮ መዝገቦችን የእጅ ጽሕፈት እንደ ጋዜጣ የሚያነበው ኦስሙንድ ነው። ኦስሙንድ ጡረታ እስኪወጣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ደዋይና የመቃብር ስፍራው ጠባቂ ነበር፤ ጉድቬይን በትምህርት ቤት በሁለት ክፍል ይቀድማት ነበር። ገና ስትገባ ሲያያት ወንበር ሳበላት።

«ፖስታ የለም ዛሬ?» አላት።

«አንተ ማን ይጽፍልሃል?» አለችውና አጠገቡ ተቀመጠች።

መነሻው ቀላል ነበር። ከበርገን የወጡ ተሳፋሪዎች በስም በስማቸው የተመዘገቡበት መዝገብ በኮምፒውተር ይገኛል። ሹር ኒልሰን፣ ሃያ ሰባት ዓመት፣ የቀን ሠራተኛ፣ ከሆልቪክ ወደ ሚኒሶታ። ጉድቬይ ያቺን መስመር ደግማ አነበበቻት፤ ሰውዬው ሰው ነበር ለካ፣ ዕድሜ ነበረው።

ከዚያ በኋላ ግን መንገዱ ጠፋ። አሜሪካ የገባው የኒልሰን ብዛት ለጉድ ነው። ክረምቱን ሙሉ አንዱን ሹር ስታነሣ ሌላውን ስትጥል ከረመች። መጋቢት ላይ በዊስኮንሲን አንድ ሹር ኒልሰን አገኘች፤ ዕድሜው ልክ ነው፣ በ1895 ሚስት አግብቷል፣ ስድስት ልጆች አሉት። ጉድቬይ የያዘችውን ቡናማ አይብ ያለበትን ዳቦ ሳትቀምሰው መልሳ ጠቀለለችው። ለእናቷ ምን ብላ እንደምትነግራት እያሰበች ሦስት ቀን ተብሰለሰለች። በአራተኛው ቀን ኦስሙንድ የሰውዬውን የትውልድ ቦታ ፈልጎ አገኘው፤ ከሌላ ወረዳ፣ ከሌላ ሸለቆ የመጣ ሰው ነበር።

«ደስ ይበልሽ፣ ይሄ የሌላ ሰው ጣጣ ነው» አላት። ወዲያው ግን ግንባሩን አሸት አደረገ። «ቆይ እስቲ። ሹር ሲሄድ የት ነበር የሚኖረው?»

«ብራትላንድ ነዋ። እዚያ እርሻ ነው የተወለደው።»

«የት ተወለደ አላልኩሽም። ያኔ ፖስታ ብታደርሺለት ኖሮ የት ትወስጂለት ነበር?»

ሹር ካገባ በኋላ የኖረው በሚስቱ አባት ጭሰኛ መሬት ላይ፣ ኦስኔስ በምትባል ቦታ ነበር። በዚያ ዘመን ደግሞ ሰው የሚጠራው በሚኖርበት ቦታ ስም ነው፤ ቦታ ሲቀይር ስሙም አብሮ ይቀየራል።

«ሹር ኦስኔስ» አለች ቀስ ብላ።

እሱን ለማግኘት ሁለት ሐሙስ አልፈጀም። በሚኒሶታ አንዲት ትንሽ የኖርዌጂያውያን ቤተ ክርስቲያን የቀብር መዝገቧን ፎቶ አንሥታ ለሕዝብ አቅርባ ነበር። ኦስሙንድ ጣቱን በመስመሩ ሥር እያስኬደ ጮክ ብሎ አነበበው። «ሹር ኦስኔስ። በኖርዌይ በሆልቪክ የተወለደ። በአንጀት ተስቦ ጥቅምት 19 ቀን 1893 ያረፈ። ሚስትና አንዲት ሴት ልጅ በአገር ቤት አለው። ለሆልቪክ ቄስ ተጽፏል።»

ሰውዬው አሜሪካ የቆየው አምስት ወር ብቻ ነው። መንደሩ ከብሯል፣ ረስቷል ሲለው፣ ጉሪም ስሙን በቢላ ስትፍቅ እሱ ከሞተ ከርሟል።

«ተጽፏል ይላል» አለች ጉድቬይ።

ኦስሙንድ በማግስቱ የሆልቪክ ቄሶች የተቀበሉትን ደብዳቤ የመዘገቡበትን የድሮ መዝገብ አገላበጠ። ከጥቅምት 1893 ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአሜሪካ ስለ ሹር የመጣ አንድም ደብዳቤ የለም።

«የዚያ አገር ቄስ እጽፋለሁ ብሎ ረስቶት ይሆናል» አለ።

«እጽፋለሁ አላለም፤ ተጽፏል ነው ያለው» አለችው። የተጻፈ ደብዳቤ መቼም አየር ላይ አይቀርም፤ አንድ ቦታ ያርፋል። ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ስታስብ ቆየችና ድንገት ቀና አለች። «ኦስሙንድ፣ እኔ እኮ በየዓመቱ ለገና ሁለት ሦስት ካርድ እመልስ ነበር። የእኛ አይደሉም። ሰሜን ላለው ሆልቪክ የተላኩ ናቸው።»

ሰሜን ያለው ሆልቪክ እነሱ ካሉበት የሁለት ቀን መንገድ የሚርቅ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነው። አድራሻ ላይ ወረዳው ካልተጻፈ የአንዱ ለሌላው መሄዱ ያለ ነገር ነው። የዚያ ደብር የቆዩ ወረቀቶች ትሮንድሄም ከተማ ባለው ቤተ መዛግብት እንደሚገኙ ስልክ ደውላ አረጋገጠች። ላኩልኝ ማለት ትችል ነበር፤ እሷ ግን ሰኔ መግቢያ ላይ ሻንጣዋን ይዛ በአውቶቡስና በባቡር ራሷ ሄደች።

አንዲት ለጋ ሠራተኛ ሦስት የካርቶን ሣጥን በጋሪ እየገፋች አመጣችላት። «በእርሳስ ብቻ ነው የሚጻፈው እሺ? ሲደክምዎት ደግሞ ይንገሩኝ» አለቻት።

ለመድከም ጊዜ አላገኘችም። በደብዳቤ መዝገቡ በጥር 1894 ሥር እንዲህ ተጽፎ አየች፤ «ከአሜሪካ፣ ስለ አንድ ሹር ኦስኔስ መሞት። በዚህ ደብር እንዲህ ያለ ሰው የለም። ተቀምጧል።» እውነትም ተቀምጦ ነበር። በሁለተኛው ሣጥን ውስጥ፣ ከድሆች እርዳታ ወረቀቶች ጋር በክር ታስሮ፣ ሁለት ገጽ ደብዳቤ። ክረምቱን ሙሉ ከኦስሙንድ ጋር ስለ ከረመች የድሮው ጽሕፈት አልከበዳትም።

የሚኒሶታው ቄስ ደብዳቤው ለጉሪ ኦስኔስ እንዲነበብላት ይለምናል። ሹር የእንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ ሲሠራ መክረሙን፣ ታሞ ሦስት ሳምንት በቄሱ ቤት መተኛቱን ይናገራል። «ነጋ ጠባ ስለ እናንተ ያወራ ነበር። ልጅቷ ይሄኔ መራመድ ጀምራለች ይላል። ከቤቱ በታች ያለው ጅረት ያሳስበዋል፤ እኔ እስካመጣቸው ድረስ አማቴ አጥር ይሥራላት ብለህ ጻፍልኝ አለኝ። ይህን ሦስት ጊዜ ስለ ደጋገመው ሳላስቀር ጽፌዋለሁ።»

ጉድቬይ ወረቀቱ ላይ እንባዋ እንዳይወድቅ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ሠራተኛዋ መጥታ አጠገቧ ቆመች፤ መሐረብ ሰጠቻት።

ቅዳሜ ዕለት የደብዳቤውን ቅጂ ይዛ ወደ እናቷ ሄደች። ቦርጊል መስኮቱ ሥር በወንበሯ ተቀምጣ ነበር። ጉድቬይ እጇን ይዛ አስቀድማ ሁሉንም በአጭሩ ነገረቻት፤ ከዚያ ደብዳቤውን አነበበችላት። ሲያልቅ ቦርጊል «እንደገና» አለች። ጉድቬይ እንደገና አነበበች።

«አጥር አልሠሩላትም» አለች ቦርጊል በመጨረሻ። «እናቴ ሁለት ጊዜ ወድቃበታለች። አንዴ እንዲያውም በፀጉሯ ነው ጎትተው ያወጧት።» ሳቀች፤ ሳቁ መሐል ላይ ተቆረጠና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ጉድቬይ ትከሻዋን አቅፋ ጠበቀቻት።

«አስቦላት ነበር ማለት ነው» አለች እናቷ።

«እስከ መጨረሻው፣ እማዬ።»

«መቃብሩስ አለ?»

ጉድቬይ ይህን ቀድማ አጠያይቃ ነበር። የሚኒሶታዋን ቤተ ክርስቲያን መዝገብ የሚጠብቁት ሰውዬ፣ ቦታው የትኛው ረድፍ ላይ እንደሆነ ይታወቃል፣ ድንጋይ ግን የለውም፣ ሣር ብቻ ነው ብለው መልሰውላታል። ቦርጊል ይህን ስትሰማ ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

«በሉ ድንጋይ ይቁምለት። ስሙም በትልቁ ይጻፍ።»

«የቱ ስም? ኒልሰን ወይስ ኦስኔስ?»

«ሁለቱም ይጻፍ። ዳግመኛ እንዳይጠፋብን።»

ስታይናር ማታውን በእህቱ ስልክ የደብዳቤውን ፎቶ ሲያይ ለረጅም ጊዜ አንገቱን አላቀናም። ሥራ እንዳለው ሰው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ቆይቶ ተመለሰ። «ከስሙ ሥር ‹የሲኔቫ አባት› ይባልበት» አለ። «ሰው ሁሉ ሲስቅባት ነው የኖረችው።»

የሚኒሶታው ሰውዬ ሁሉንም እንደተባሉት አደረጉ። መስከረም ላይ ድንጋዩ ቆመ፤ የድንጋዩ ፎቶ የደረሰ ቀን ቦርጊል ስልኩን ከጉድቬይ እጅ ተቀብላ አልመልስም አለች። ምሳ ልታቀርብላት የመጣችውን ነርስ አስቁማ አሳየቻት።

«ማነው እሱ?» አለች ነርሷ ጎንበስ ብላ ድንጋዩ ላይ ያለውን ስም እያነበበች።

«አያቴ ነው» አለች ቦርጊል። «ገና ወጣት እኮ ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመቱ።»

ነርሷ ፎቶውን አስተውላ አየችና ሾርባው እንዳይቀዘቅዝ ሳህኑን ጠጋ አደረገችላት። ጉድቬይ ደግሞ ያንኑ ሳምንት ፓስፖርት ልታወጣ ሄደች። ስታይናርም በጎቹን ለጎረቤቱ አደራ ሰጥቶ አብሯት ወረፋ ያዘ፤ እስኪደርሳቸውም አሜሪካ ውስጥ ደህና ድንች ይገኝ እንደሆነ ሲጠይቃት ቆየ።