ሽሮ ሜዳ ላይ ያነሳኋት ልጅ

ማለዳ፣ ጳውሎስ

ገና ሊነጋጋ ሲል ከቤት ወጣሁ። የጳውሎስ ሆስፒታል መንገድ በዚህ ሰዓት እንኳ ባዶ አይደለም፤ ፔርሙስና ብርድ ልብስ የተሸከሙ አስታማሚዎች፣ ነጭ ጋውን ክንዳቸው ላይ ጣል ያደረጉ ተማሪዎች፣ በራቸውን ገርበብ ያደረጉ ፋርማሲዎች፣ የሚጮሁ የታክሲ ረዳቶች። አንገቴ ላይ ያንጠለጠልኩት ሌላ ሰው ሲሠራበት የቆየ ዲጂታል ካሜራ ነው። እንጀራዬ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ካርድ ዲዛይን ማድረግ ነው፤ ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት በቅርቡ ስለሆነ ከማነሳው አብዛኛው ወይ ይጨልማል ወይ ይደበዝዛል።

አብረውኝ የሚጓዙት ጎረቤቴ ጋሽ መርዕድ ናቸው፤ ፎቶ ቤታቸውን ዘግተው ጡረታ የወጡ ባለሙያ። ካፌ በር ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ ይዘው ጠበቁኝ።

«ዛሬ ካሜራው በራሱ የሚያስተካክልበት ኦቶ የሚባል ነገር የለም» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ። «ብርሃኑን አንቺ ነሽ የምትመጥኚው።»

«ከተበላሸብኝስ?»

«ይበላሽ! ግን ለምን እንደተበላሸ ሳይገባሽ እንዳትሰርዢው።»

ረፋድ፣ ሽሮ ሜዳ

ታክሲ ቀያይረን ደረስን። በመንገዱ ግራና ቀኝ ጋቢ፣ ነጠላ፣ ባለጥለት ቀሚስ ተሰቅሏል፤ ነፋስ ሲመጣ ሁሉም አንዴ ይነሳል። ከሱቆቹ ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ገብተን አንድ የሸማኔ ቤት በር ላይ ቆምን። ባልየው እግሮቹን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ ክር ታጠነጥናለች፤ ገና በእግሯ መሄድ የጀመረች ሴት ልጅ የእናቷን ጉልበት ተደግፋ ቆማለች። ማንሳት እንደምንችል ጠየቅናቸው።

«አንሱ፣ ምን ችግር አለ» አለች እናትየው እየሳቀች።

ቤቱ ጨለማ ነው። ጋሽ መርዕድ ፍላሽ እንድሞክር ነገሩኝ። አነሳሁና ስክሪኑን አየሁ። የእናትየው ዓይኖች ቀልተዋል። የልጅቷም ቀኝ ዓይን ቀልቷል። ግራዋ ግን ነጭ ነው፤ ወተት ጠብ ያለበት ይመስላል።

«ፍላሽ ዓይን ውስጥ ሲገባ ያቀላል፣ እሱ የታወቀ ነው» አሉ ጋሽ መርዕድ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። «ነጩ ግን... እንጃ። እስኪ ቦታ ቀይሪና ድገሚው።»

ደገምኩት። ያው ነው። ከፊት ለፊት፣ ከጎን፣ ጠጋ ብዬም ሞከርኩ። ያው ነጭ። በራሴ እጅ ተናድጄ አመሰገንኩና ወጣሁ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

እኩለ ቀን፣ እንጦጦ ማርያም

እዚህ ከላይ አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ዛፉ ይሸታል። ነጠላ ያጣፉ ምዕመናን ደጁን እየተሳለሙ ያልፋሉ። ከግቢው ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና የጠዋቱን ፎቶዎች አየናቸው። ደህና ደህናውን መርጬ በስልኬ ለታናሽ እህቴ ለቤዛ ላክሁላት፤ ቤዛ የሕክምና ተማሪ ናት። የልጅቷንም ጨመርኩና «ምኑ ጋ እንደተሳሳትኩ ገምቺ» ብዬ ጻፍኩ።

ወዲያው ደወለች።

«ይቺ ልጅ የማን ናት?»

«አላውቃትም። የሸማኔ ልጅ ናት፣ ሽሮ ሜዳ።»

«በሌላውም ፎቶ እንደዚህ ነው?»

«በሁሉም። ካሜራው መሰለኝ።»

«ካሜራው አይመስለኝም። ስሚኝ፣ እ... ማለቴ፣ ሌላ ነገርም ሊሆን ይችላል። ግን ዓይን ውስጥ ዕጢ ሲኖር እንዲህ ነጭ ሆኖ ይታያል። ካልታከመ ይገድላል። በቃ፣ ዛሬውኑ ጳውሎስ፣ እኛ ጋ ይዘሻት ነይ።»

ጋሽ መርዕድ ምን ሆንሽ አሉኝ። ስልኩን ሰጠኋቸው። ቤዛን ሰምተው ሲጨርሱ ተነሱ፤ በዚያ ዕድሜያቸው ታክሲ ለመያዝ ሮጡ።

ከሰዓት፣ ተመልሰን ሽሮ ሜዳ

መተላለፊያው ጠፋን። ሁሉም ሱቅ አንድ ሆነብኝ። የእናትየውን ፎቶ ለሻጮች ሁሉ እያሳየሁ ስዞር፣ አንዲት ነጠላ ሻጭ «አማረች እኮ ናት!» ብላ እጄን ይዛ ወሰደችኝ።

አማረች ስታየን ፈገግ አለች። እንዴት ብዬ ልጀምር? ፎቶውን አሳየኋትና እህቴ ያለችውን ነገርኳት። ዕጢ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ደነገጥኩ። አማረች ልጇን ከመሬት ብድግ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት።

«ስላነሳሻት ነው? ያ ብርሃን ነው የጎዳት?»

«አይደለም፣ እናቴ ትሙት!»

ባሏ ዳንኤል መወርወሪያውን አስቀምጦ ከጉድጓዱ ወጣ። ልጅቷን ተቀበለና በመዳፉ ግራ ዓይኗን ሸፈነው። ማርታ፣ ስሟ ማርታ ነው፣ ዝም ብላ ልብሱ ላይ በተንጠለጠለ ቀይ ክር መጫወቷን ቀጠለች። ቀጥሎ ቀኙን ሸፈነው። ጮኸች። እጁን እየገፋች፣ ፊቷን እያዞረች አለቀሰች። ክሩ ዓይኗ ፊት ነበር፤ እጇን አልዘረጋችለትም።

ዳንኤል መዳፉን አነሳ።

«ማታ መብራት ሲያርፍባት ዓይኗ ያበራ ነበር» አለች አማረች በቀስታ። «ሲያምር እል ነበር እኔ።»

አመሻሽ፣ ጳውሎስ

ቤዛ በር ላይ ጠበቀችን። አንዲት የዓይን ሐኪም ማርታን ለረጅም ጊዜ መረመረቻት። ከዚያ ወንበሯን ወደ አማረች አስጠግታ ተናገረች፤ «ዕጢ እንዳለ አይቻለሁ። ይቺ ዓይን ማየት አቁማለች፣ በቀዶ ጥገና መውጣቷም አይቀርም። ቀኟ ግን ጤነኛ ናት። አሁን ስለመጣችሁ ልጅቷን ማትረፍ እንችላለን።»

አማረች እያለቀሰች ወደ ባሏ ዞረች። ዳንኤል የልጁን ጫማ በእጁ ይዞ ቆሞ ነበር። «ዓይኑን ይውሰዱት» አለ። «እሷን ይተዉልን።»

ይህን ማስታወሻ ጽፌ የጨረስኩት ከቀዶ ጥገናው ብዙ ሳምንታት በኋላ ነው። ዕጢው ወደ ሌላ ቦታ አልሄደም። ክትትሉ ግን ይቀጥላል። ትናንት ልጠይቃት ሄጄ በግራዋ በኩል ቆምኩና ስሟን ጠራሁ። በዚያ ጎን አታየኝም። አንገቷን ዞር አደረገች፣ አሁንም ዞር፣ ከዚያ መላ ሰውነቷን አዞረች። እስክታገኘኝ ጠበቅኳት። አገኘችኝና ሳቀች።